«ማን ያውቅልሃል?» ላሉህ

ጥያቄ፦ በማኔጅመንት ሁለተኛ ዲግሪዬን እየሠራሁ ነው። የቡና ኅብረት ሥራ ማኅበራት ትርፋቸውን ለአባላት እንዴት እንደሚያከፋፍሉ ማጥናት እፈልጋለሁ። ጓደኞቼ ግን «ትልቅ ጆርናል ላይ አይወጣልህም፤ ማን ያውቅልሃል?» ይሉኛል። እውነት ነው?
(አንባቢ፣ ከጅማ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጓደኞችህ ከመሬት ተነስተው አላወሩም። የቢዝነስ ትምህርት ቤቶች ምሁርን ሲመዝኑ የኖሩት ጽሑፉ በወጣበት ጆርናል ደረጃ ነው። ለእኔ ይህ ዕቃውን ትቶ በካርቶኑ ዋጋ መተመን ነው።

ደግነቱ፣ ይህ ያልተዋጠላቸው ምሁራን አሉ። «ሪስፖንሲብል ሪሰርች ኢን ቢዝነስ ኤንድ ማኔጅመንት» (ኃላፊነት የሚሰማው የቢዝነስና የማኔጅመንት ምርምር) የሚባለው ንቅናቄ በ2017 እ.ኤ.አ. የአቋም ሰነድ አውጥቷል። ሰባት መርሆች አሉት። የመጀመሪያው ኅብረተሰብን ማገልገል ነው። የማኔጅመንት ምሁራን ማኅበር ከሆነው ከአካዳሚ ኦፍ ማኔጅመንት ፌሎዎች (የክብር አባላት) ጋር ሆኖም በዚህ መንፈስ ለታተሙ ጽሑፎችና መጻሕፍት ሽልማት ይሰጣል።

ታዲያ «ለገበሬው አዝኜ ነው የጻፍኩት» ብሎ ነገር አያዋጣም። የሚፈለገው ሁለት ነገር ነው፤ ጥናቱ ይጠቅማል ወይ? ደግሞስ ይታመናል ወይ? መረጃህ ከተንገዳገደ ቅን ልብህ አያድንህም።

እኔ ከሰባቱ የምወደው ባለጉዳዮችን ማሳተፍ የሚለውን ነው። መጠይቅህን ከመበተንህ በፊት የማኅበሩን ሊቀመንበርና ሒሳብ ሠራተኛ አነጋግር። ሴት አባላትንም ለብቻቸው ጠይቅ፤ ስብሰባ ላይ ዝም የሚሉት እነሱ ናቸው። ውጤቱን ደግሞ በአፋን ኦሮሞ፣ በሁለት ገጽ አድርገህ መልስላቸው። ጆርናሉን ከዚያ በኋላ ትሞክረዋለህ።