በቀይ ድንኳን ስር የተነሳ ፎቶ ቢቀላ

ጅማ ላይ ቀይ ድንኳን ስር ያነሳኸው የቡና ማፍላት ፎቶ ላይ ሰው ሁሉ የቀላብህ ካሜራህ ተበላሽቶ አይደለም። ሸራው አረንጓዴውንና ሰማያዊውን ብርሃን አብዛኛውን ስለሚያስቀር ነው።

ፋይሉ ሮው (ካሜራው ያላቀነባበረው ጥሬ ፋይል) ከሆነ ላይትሩም በተባለው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ውስጥ የዋይት ባላንስ (ነጩን ነጭ የሚያደርገው የቀለም ሚዛን) መምረጫውን ነጭ ሲኒ ላይ ጫን። ጥላ ያለበትን የሲኒውን ሆድ ምረጥ፤ አፉ ላይ ያለችው ወርቃማ መስመር ታሳስትሃለች። ቆዳው አሁንም ከቀላ የቀይን ሳቹሬሽን (የቀለሙን ድምቀት) ብቻ ከ10 እስከ 20 ቀንስ።

ጄፔግ (ካሜራው አቀነባብሮ የጨመቀው ፋይል) ከሆነ ብዙ አትጠብቅ። ቀዩ ቻናል (ፎቶው ከተሠራባቸው ከቀይ፣ ከአረንጓዴና ከሰማያዊ ክፍሎች አንዱ) የመጨረሻው ልክ 255 ከደረሰ ጉንጭና ግንባር ላይ የነበረው ዝርዝር ከቀዩ ጠፍቷል። አረንጓዴውን ቻናል ወስደህ ጥቁርና ነጭ ብታደርገው ይሻላል፣ የፊቱ ቅርጽ እዚያ ይተርፋል።

ለሌላ ጊዜ፦
1. የድንኳኑን አንድ ጎን አስከፍት፣ ረከቦቱንም ወደዚያ አስጠጋ። ከማንኛውም ማስተካከያ ይህ ይበልጣል።
2. እዚያው ብርሃን ላይ ነጭ ወረቀት ፍሬሙን ሞልተህ አንሳና ካሜራው ላይ ከስተም ዋይት ባላንስ (በራስህ የተለካ የቀለም ሚዛን) አድርገው።
3. ሂስቶግራሙን (ካሜራው የብርሃኑን መጠን የሚያሳይበትን ግራፍ) በቀዩ ቻናል እይ፤ አጠቃላዩ ደህና ቢመስልም ቀዩ ቀድሞ ይሞላል።

አንድ ጥንቃቄ፦ ቅላቱን ጨርሰህ አታጥፋ። የጅማው በርጩማ እንጨት ግራጫ መምሰል ከጀመረ አልፈሃል፣ ትንሽ መልስ።