ሄልዝ ሳይንስ ጨርሼ ሆስፒታል እቀጠራለሁ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ቨርጂኒያ ነው የምኖረው፣ ሄልዝ ሳይንስ ሁለተኛ ዓመት ነኝ። ማታ ማታ ነርሲንግ ሆም ውስጥ በሲኤንኤነት፣ ማለትም በነርስ ረዳትነት፣ እሠራለሁ። አባቴ ላገኘው ሰው ሁሉ «ልጄ ዶክተር ልትሆን ነው» ይላል። ሰሞኑን ግን አብራኝ የምትሠራ ነርስ «በዚህ ዲግሪ በሽተኛ አትነኪም» አለችኝ። እውነት ነው? ሥራውስ ክፍል ውስጥ እንቅልፍ እያመጣብኝ ስለሆነ ልተወው?

መልስ፦ እህቴ፣ ትንሽ አክርራዋለች እንጂ አልዋሸችም። ዲግሪው ብቻውን የሙያ ፈቃድ አያሰጥም። ነርስ ለመሆን እውቅና ያለው የነርሲንግ ትምህርት ጨርሶ ኤንክሌክስ የሚባለውን የነርስ ፈቃድ ፈተና ማለፍ ግድ ነው፣ ሄልዝ ሳይንስ ደግሞ ለዚያ ፈተና አያስቀምጥም። ይህን ሳያውቁ አራት ዓመት ለፍተው፣ ዲግሪውን ግድግዳ ላይ ሰቅለው፣ እዚያው ሲኤንኤነት ላይ የቀሩ ልጆች አውቃለሁ።

ከንቱ ነው ማለቴ ግን አይደለም። ፊዚካል ቴራፒ ከፈለግሽ ከዲግሪው በኋላ ሦስት ዓመት ገደማ አለ። ፒኤ (ከሐኪም ጋር እየሠራ በሽተኛ የሚያክም ባለሙያ) ለመሆን ማስተርስ ነው፣ 27 ወር አካባቢ። ነርሲንግ ካማረሽም ዲግሪ ላላቸው ሰዎች ብዙ ጊዜ ከ12 እስከ 18 ወር የሚፈጅ የተፋጠነ ፕሮግራም አለ። ችግሩ፣ ሁሉም የየራሳቸውን ኮርስ ይጠይቃሉ። አናቶሚና ፊዚዮሎጂ የማይቀር ነው፤ ፒኤ ኬሚስትሪ ይጨምራል፣ ፊዚካል ቴራፒ ፊዚክስ። ያንቺ ዲግሪ ውስጥ እነዚህ ላይኖሩ ይችላሉ፣ አድቫይዘርሽም ለመመረቅ የሚያስፈልግሽን ይነግርሻል እንጂ ካልጠየቅሽው ከዚያ በኋላ ስላለው ትንፍሽ ላይል ይችላል። ዛሬውኑ የሦስት ትምህርት ቤቶችን ድረ ገጽ ክፈቺና ከኮርሶችሽ ጋር አስተያዪ።

ሥራውን? እንዳትተዪው! ሌሊት 9 ሰዓት ላይ አንዲት እናት ከአልጋ ወደ ዊልቸር ስታሻግሪ፣ ግራ እግራቸው እንደ ትናንቱ አልረግጥ ሲል አይተሽ ነርሷን መጥራት የሚባለውን ነገር ክፍል ውስጥ ማንም አያስተምርሽም። ብዙ የፒኤ ትምህርት ቤቶችም ይህንኑ ሰዓት ይቆጥራሉ፣ 1,000 እና ከዚያ በላይ የሚጠይቁ አሉ። በሳምንት 16 ሰዓት ብትሠሪ በዓመት 800 ታልፊያለሽ። ብቻ ውጤትሽ እንዳይወርድ ፈረቃሽን ወደ ቅዳሜና እሁድ አዙሪው፣ የሠራሽውን ሰዓትም ከነቀኑ መዝግበሽ ያዢ።

ለአባትሽ ለጊዜው ምንም አትበያቸው። ፊዚካል ቴራፒን ከመረጥሽ ዲግሪው ላይ «ዶክተር» የሚል አለበት።