መርከብ ላይ ያለ ቦምብ እሳትን ስንት ደቂቃ ይታገሣል? ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ መምህር፣ በጦር መርከብ የሚጫን ቦምብ አስተማማኝ የሚባለው ምን ሲያሟላ ነው?

መልስ፦ «አይፈነዳም» ማለት እንዳልሆነ አስቀድመን እንስማማ። የሚመዘነው እሳት አጥፊው ደርሶ እስኪያቀዘቅዘው ይታገሣል ወይ፣ ባይታገሥስ በመፈንዳት ፋንታ ተቃጥሎ ብቻ ያልቃል ወይ የሚለው ነው። ለዚህም በነዳጅ እሳት ይፈተናል፣ በጥይትና በፍንጣሪ ይመታል፣ አንዱ ሲፈነዳ ጎረቤቱ ይከተለው እንደሆነም ይታያል።

እ.ኤ.አ. ጁላይ 29 ቀን 1967 በቶንኪን ባሕረ ሰላጤ፣ ፎረስታል በተባለው የአሜሪካ አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ላይ፣ ሳይታሰብ የተስፈነጠረ ዙኒ የተባለ የአውሮፕላን ሮኬት የሌላውን አውሮፕላን ነዳጅ ታንክ ቀደደና እሳት ተነሣ። የእሳት አጥፊዎቹ አለቃ መከላከያ ልብስ ሳይለብስ፣ በእጅ በሚያዝ የዱቄት ማጥፊያ፣ እሳቱ ውስጥ የወደቀውን ቦምብ ሊያቀዘቅዝ ሞከረ። የቦምቡ ብረት ቀልቶ ሲሰነጠቅ ባየ ጊዜ ቡድኑ እንዲሸሽ ጮኸ፤ ቦምቡ ግን እሳቱ ከተነሣ አንድ ደቂቃ ተኩል ያህል ብቻ ቆይቶ ፈንድቶ፣ አለቃውንና አብረውት ከነበሩት አብዛኞቹን ገደለ። ኮምፖዚሽን ቢ የተባለ ፈንጂ የተሞላ አሮጌ ቦምብ ነበር፤ እርጅናና መጥፎ አቀማመጥ ደግሞ እሳት የመታገሥ አቅሙን ያዳክማሉ። በአጠቃላይ 134 ሰዎች ሞቱ። ስለዚህ የቦምቡን ዕድሜና የቆየበትን መጋዘን ሳትነግሩኝ «ያሰጋል?» አትበሉኝ።

ጥያቄ፦ ቦምብ በሙቀት ያሰጋል?

መልስ፦ የቱ ቦምብ? የምን ዕድሜ? አሁን ጻፍሁት።

ጥያቄ፦ ቀስ ብሎ የሚጨምር ሙቀት ይሻላል አይደል?

መልስ፦ አይሻልም። በሰዓት 3.3 ዲግሪ ሴልሺየስ ብቻ እየተጨመረ የሚደረገው ሙከራ ለብዙ ዓመታት የተለመደ የነበረው በከንቱ አይደለም፤ ፈንጂው እስከ ውስጡ ከጋለ በኋላ ሲነሣ ብዙ ጊዜ የባሰ ኃይል አለው። የጥይት መጋዘን ጎረቤት ክፍል ሲቃጠል የሚደርሰውም ይኸው ነው።

ሌላ አባል፦ ታዲያ ውኃ ማርከፍከፍ ነዋ!

ሦስተኛ አባል፦ በነዳጅ እሳት ላይ ውኃ? እሳቱን የሚያፍነውን አረፋ ጠርጎ ይወስደዋል።

ሌላ አባል፦ ቦምቡን ግን ያቀዘቅዛል።

መልስ፦ ሁለታችሁም እውነት አላችሁ፤ ጥፋቱም እዚያ ነው። በፎረስታል አንዱ ቡድን ያነጠፈውን አረፋ ሌላው በባሕር ውኃ አጠበው። ሥልጠናው ይለያችሁ፣ ወደ ርእሳችን እንመለስ።

ጥያቄ፦ የራዳር ሞገድስ ሮኬት ያስነሣል?

መልስ፦ በኤሌክትሪክ የሚቀጣጠለውን ሊያስነሣ ይችላል፤ ለብቻው ይፈተሻል። የእኔ ሙያ አይደለም።

ጥያቄ፦ ከፎረስታል በኋላ ተምረው የለ?

መልስ፦ ተምረዋል፤ ግን ጃንዋሪ 14 ቀን 1969 ኢንተርፕራይዝ በተባለው ሌላ የአሜሪካ አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ላይ የአውሮፕላን ሞተር ማስነሻ ማሽን ጭስ ማውጫ የዙኒ ሮኬትን ፈንጂ ያለበት ራስ አግሎ አፈነዳው፤ 28 ሰዎች ሞቱ። መነሻው እሳት እንኳ አልነበረም፣ ጭስ ማውጫ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ስለዚህ ቦምብ በሙቀት ያሰጋል ማለት ነው?

መልስ፦ ዕድሜው?