ዛማ ላይ ሐኒባልን የጣለው ፈረስ ነው

ወንድሜ፣ «ሐኒባል 80 ዝሆን ይዞ እንዴት ዛማ ላይ ይሸነፋል? ጉድ የሠሩት ዝሆኖቹ ናቸው ወይስ ስኪፒዮ በልጦት ነው?» ብለህ ጠይቀሃል። ሐኒባል የካርቴጅ፣ ስኪፒዮ የሮም የጦር መሪ ነበሩ፤ ካርቴጅ በዛሬዋ ቱኒዚያ የነበረች ከተማ ናት፣ ዛማም እዛው አካባቢ ሁለቱ የተዋጉበት ቦታ ነው። ታሪክ ሳስተምር ይህ ጥያቄ ያልተነሳበት ዓመት ትዝ አይለኝም። እኔም ድሮ ነገሩን ሁሉ በዝሆኖቹ ላይ ነበር የምደፈድፈው። አሁን ትቼዋለሁ።

ሐሳቤን ያስቀየረችኝ አንዲት ተማሪ ናት። የዛን ቀን ጦርነቱን ጠረጴዛ ላይ በእህል ሠራሁላቸው። የሮም እግረኛ ባቄላ፣ የካርቴጅ እግረኛ ሽንብራ፣ የሁለቱም ፈረሰኛ በቆሎ፣ ዝሆኖቹ ደግሞ የጠርሙስ ቆርኪ። ስኪፒዮ ጓዶቹን አንዱን ከአንዱ ኋላ አሰልፎ በመሃላቸው ቀጥ ያለ መተላለፊያ ትቶ ነበር። ስለዚህ ቆርኪዎቹን በባቄላው መሃል እየገፋሁ ወደ ኋላ አሳለፍኳቸው። የተወሰኑት ዝሆኖች የመለከቱ ጩኸት አስደንግጧቸው ዞረው የሐኒባልን የግራ ፈረሰኛ ራሱን በታተኑት፣ ከሮም ጎን የቆመው የኑሚዲያ (የካርቴጅ ጎረቤት አገር) ንጉሥ ማሲኒሳም ያንን ክፍተት አይቶ ገባበት። በሌላው ክንፍ ደግሞ የስኪፒዮ የፈረሰኛ አዛዥ ሌሊየስ የካርቴጅን ፈረሰኞች አባረረ። እኔም በቆሎውን በሙሉ፣ ተባራሪውንም አባራሪውንም፣ ከጠረጴዛው ላይ አነሳሁት።

ይቺ ልጅ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ በቆሎው ባይመለስስ ማን ያሸንፋል?»

ዝም አልኩ። ጠረጴዛውን ሳየው እውነትም ማንም እያሸነፈ አልነበረም። የሐኒባል የፊት ረድፍ ቅጥረኞች ናቸው፣ ሁለተኛው የካርቴጅና የአካባቢው ሰው ነው። ቅጥረኞቹ ሲገፉ «የኋላው ረድፍ አልረዳንም» ብለው ከገዛ ወገናቸው ጋር ተጋደሉ። ግን ከጣሊያን ይዟቸው የመጣው አንጋፋ ወታደሮቹ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ገና ሳይነኩ ቆመዋል። ስኪፒዮ መሬቱ በደምና በሬሳ ስለተሞላ ሰልፉን ማስኬድ ቸገረው፣ በመለከት ሰዎቹን መልሶ ቁስለኞቹን ወደ ኋላ አስወጣ፣ የኋላ ረድፎቹን ግራና ቀኝ ዘርግቶ አንድ ረጅም መስመር ሠራ። የጥንቱ ግሪካዊ የታሪክ ጸሐፊ ፖሊቢየስ እንደጻፈው ሁለቱ ወገኖች በቁጥርም በወኔም በመሣሪያም ተቀራራቢ ስለነበሩ ውጊያው ለረጅም ጊዜ አልለየለትም ነበር። ማሲኒሳና ሌሊየስ ተመልሰው ከኋላ ሲመቱ ነው ያበቃለት።

ይህ እኮ ሐኒባል ራሱ ጣሊያን ውስጥ ካኔ ላይ በ216 (ሁሉም ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት ነው) ሮማውያንን የጨረሰበት ዘዴ ነው! ያኔ የበለጠ ፈረስ የነበረው እሱ ነው። የእሱ ፈረሰኞች ናቸው ዞረው ከኋላ የዘጉባቸው። በ202 ዛማ ላይ ግን ማሲኒሳ 4,000 የኑሚዲያ ፈረሰኛና 6,000 እግረኛ ይዞ ስኪፒዮ ጎን ቆመ። ማሲኒሳ ማለት ደግሞ ከዛ በፊት ስፔን ውስጥ ለካርቴጅ ሆኖ ሮምን ሲወጋ የነበረ ሰው ነው። ስለዚህ እኔን ብትጠይቀኝ ጦርነቱ የተበላው ማሲኒሳ ጎን የቀየረ ዕለት ነው። ስኪፒዮ በልጧል፣ አዎ፣ ግን ትልቁ ብልጫው ሰውየውን ከጎኑ ማሰለፉ ላይ ነው። የዝሆኖቹን መተላለፊያ ከዛ በታች ነው የማስቀምጠው።

ፖሊቢየስ ከካርቴጅ ወገን 20,000 ሰው እንደሞተ፣ የተማረከውም ወደዛ እንደሚጠጋ፣ ከሮም ደግሞ ከ1,500 በላይ እንደሞተ ጽፏል። በውሉ መሠረት ካርቴጅ ዝሆኖቿን በሙሉ፣ ከ10 መርከብ በስተቀር ደግሞ የጦር መርከቦቿን አስረከበች። በ50 ዓመት የሚከፈል 10,000 ታለንት (የጥንት የክብደት መለኪያ ነው) ብርም ተጫነባት። ከሁሉ የከፋው ግን ያለ ሮም ፈቃድ ጦርነት አትገጥሚም የሚለው ነው። ጎረቤቷ ማሲኒሳ መሬቷን እየቆረሰ ሲወስድ ዓመታት አለፉ፣ በመጨረሻ ትዕግሥቷ አልቆ ስትወጋው ሮም «ውሉን አፈረስሽ» ብላ መጣች። በ146 ከተማዋን አቃጠሏት።