ሦስት እጅ የተቀባው ዴክ ለምን ተላጠ?

አንዲት እህት ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ጽፋልኛለች። ደብዳቤዋን አሳጥሬ ላቅርበው።

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ቤቱን ስንገዛ ከኋላ የእንጨት ዴክ፣ ከቤት ውጭ ያለ የሳንቃ ወለል፣ ነበረው። 12 በ16 ፊት ነው። በ2019 እንደተሠራ የቤቱ ወረቀት ላይ አይቻለሁ። ባለፈው ዓመት ኤፕሪል ላይ እርጥበት እንዳይገባው ብዬ ክሊር ሲለር የሚሉትን ቀለም የሌለው ቅብ ገዝቼ ሦስት እጅ ቀባሁት። ሦስት ጋሎን ጨረሰ። መጀመሪያ እንደ መስተዋት ያበራ ነበር። ዊንተሩ ካለፈ በኋላ ግን መላላጥ ጀመረ። አበባ ማስቀመጫዎቹ የነበሩበት ቦታም ጠቁሯል። ከላዩ አንድ እጅ ብደግምበት ይስተካከላል? ቀለም መቀባት አልፈልግም። የእንጨቱን መልክ ነው የምወደው።» አራት ፎቶም አያይዛለች።

እህቴ፣ በፍጹም አትድገሚበት። አሁን የምትጨምሪው ሁሉ በተላጠ ነገር ላይ ነው የሚያርፈው። ከሥሩ ያለው ሲነሳ አብሮት ይነሳል።

ሁለተኛው ፎቶ ላይ ጣሳው ይታያል። የገዛሽው ለቤት ውስጥ ወለልና ለዕቃ የሚሆን ፖሊዩሪቴን ነው። አንቺ አልተሳሳትሽም ማለት ይቻላል፤ ጣሳው ላይ «ክሊር» ይላል፣ ውኃ ይከላከላል ይላል። ችግሩ «ክሊር» የሚለው ስም ሁለት የማይገናኙ ነገሮች ላይ መለጠፉ ነው። አንደኛው እንጨቱ ላይ እንደ ላስቲክ ይጋደማል። ቫርኒሽና ፖሊዩሪቴን ከዚህ ወገን ናቸው። ሁለተኛው እንጨቱ ውስጥ ሰርጎ ይቀራል፣ ከላይ ምንም ሽፋን አይተውም። ዝናብና ፀሐይ ለሚመታው፣ ሰው ለሚረግጠው ወለል የሚሆነው ይሄኛው ነው።

ላስቲኩ ለምን እንደማይሆን ልንገርሽ። እንጨት አየሩ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። የእናንተ አካባቢ ሰመር ወበቅ ነው፣ ዊንተሩ ደግሞ ውርጭ። ስለዚህ ሳንቃው ዓመቱን ሙሉ ሲሳብና ሲሰበሰብ ይከርማል። የደረቀው ፖሊዩሪቴን ግን ያን ያህል አይሳብለትም። ይሰነጠቃል። ስንጥቁ ለዓይን አይታይም፣ ውኃ ግን ያገኘዋል። በስንጥቁ የገባው ውኃ ልውጣ ሲል ከላይ ክዳን አለበት።

ፀሐይም የራሷን ታደርጋለች። ክሊር ስለሆነ ጨረሩን ያሳልፋል። የእንጨቱን ክሮች እንደ ሙጫ አያይዞ የሚይዝ ሊግኒን የሚባል ነገር አለ። ጨረሩ እሱን ይበላዋል። ከተላጠው አንድ ቁራጭ አንሺና ጀርባውን እዪው። ግራጫ፣ ጸጉር ጸጉር የሚል ነገር ተጣብቆበት ታገኛለሽ። እሱ እንጨቱ ነው። ቅቡ እንጨቱን አልለቀቀም፤ የያዘው የእንጨት ገጽ ራሱ ነው ፈርሶ አብሮት የተነሳው።

አዲስ አበባ ሥራ ስጀምር ያስተማሩኝ አናጢ አንድ ቀን አሮጌ አጥር ስናፈርስ የነቀልነውን የጥድ ምሰሶ መሬት ላይ አጋደሙና ቀርበህ እይ አሉኝ። ላይኛው ጫፍ ደህና ነው። አፈር ውስጥ ጠልቆ የኖረውም ደህና ነው። የተበላው አፈሩና አየሩ የሚገናኙበት አንድ ስንዝር ያህል ቦታ ብቻ ነበር። እዚያ ውኃም አለ፣ አየርም አለ፣ መድረቅ ግን የለም። ጥድን የሚያህል ጠንካራ እንጨት እንኳ በዚያች ስንዝር ተበልቷል። ከዚያ ወዲህ ዴክ ሳይ መጀመሪያ የማስበው ውኃ በየት ይገባል ብዬ አይደለም። ሜዳ ላይ ያለ እንጨት መርጠቡ አይቀርም። የገባው በየት ይወጣል ነው ጥያቄዬ። እርጥበቱ ከእንጨቱ ደረቅ ክብደት 20 በመቶ በታች ከሆነ ፈንገስ አይሠራበትም። ረጥቦ ቶሎ የሚደርቅ ሳንቃ ብዙ ዘመን ያገለግላል።

በፎቶው እንደማየው የእናንተ ዴክ በግፊት መድኃኒት የተጠጣ ፓይን ነው፣ ፕሬዠር ትሪትድ የሚሉት። መድኃኒቱ በአብዛኛው መዳብ ነው። ከመበስበስና ከነፍሳት ይጠብቀዋል። ውኃ እንዳይገባው ግን አያደርግም። ስለዚህ መሰንጠቁና መጣመሙ አይቀርለትም። ሲለር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

እንግዲህ ወደ ሥራው። መጀመሪያ የጠቆረውን ቦታ መርምሪ። ወስፌ ካለሽ ወስፌ፣ ከሌለሽ ቀጭን ካቻቪቴ ያዢና በጥቁሩ ላይ ገፋ አድርገሽ ውጊው። ከዚያ ወደ ላይ ፈልቅቂው። ጤነኛ እንጨት እየጮኸ ረጅም ስንጣሪ ይሰጥሻል። የበሰበሰው ድምፅ የለውም፣ አጭር ሆኖ ፍርክስ ይላል። እንደዚያ ከሆነ ያንን ሳንቃ መቀየር ነው እንጂ ቅብ አያድነውም። እንጨቱ ጤነኛ ከሆነ ደግሞ በጥቁሩ ላይ አንድ ጠብታ በረኪና ጣይበት። በአንድ ሁለት ደቂቃ ከነጣ ሻጋታ ነው። ካልነጣና በተለይ ብሎን አካባቢ ከሆነ የብረት ዝገት ያመጣው ጥቁረት ነው። ለእሱ መድኃኒቱ ኦግዛሊክ አሲድ ነው፣ ዴክ ብራይትነር እየተባለ የሚሸጠው። በረኪናውን በደንብ አጥበሽ ሳታስወግጂ አሲዱን አታስነኪው። በረኪና ከአሲድ ወይም ከአሞኒያ ጋር ሲገናኝ መርዛማ ጋዝ ያወጣል።

ቀጥሎ ፖሊዩሪቴኑ መነሳት አለበት። አድካሚው ሥራ ይሄ ነው፣ አልደብቅሽም። ለዴክ የሚሸጡት ማላቀቂያ ኬሚካሎች በአብዛኛው ለዘይት ቅብ የተሠሩ ናቸው፣ ፖሊዩሪቴን ላይ ብዙ አቅም የላቸውም። የላላውን በመፋቂያ አንሺ። የቀረውን በሳንደር። ማሽኑን ከሃርድዌር ሱቅ በቀን ኪራይ ታገኛለሽ። ከመጀመርሽ በፊት ብቅ ያሉትን ብሎኖች ሁሉ ወደ ውስጥ አጥብቂ፣ አለበለዚያ ወረቀቱን ይቀዱታል። በቁጥር 60 ብርጭቆ ወረቀት ጀምሪ፣ በ80 ጨርሺ። ከዚያ በላይ አታልስልሺው። በጣም የለሰለሰ እንጨት ዘይት አይጠጣም። አቧራው የመዳብ መድኃኒት ስላለበት ጭንብል ሳታደርጊ እንዳትነኪው።

እዚህ ላይ አሮጌ ቤት ያላችሁ ሌሎች አንባቢዎችም ስሙኝ። አሜሪካ ውስጥ ለመኖሪያ ቤት የሚሆን እንጨት አርሴኒክ ባለበት መድኃኒት መጠጣቱ የቆመው በ2003 መጨረሻ ነው። ዴካችሁ ከ2004 በፊት የተሠራ ከሆነ ሳንደር አታስነኩት። ቁርጥራጩንም ባርቤኪው ውስጥ አታንድዱ።

ሲፈቀፈቅ ካበቃ በኋላ እጠቢው። ኦክስጅን ብሊች የሚባለውን ዱቄት በሞቀ ውኃ በጥብጪ፣ አፍሺበት፣ 15 ደቂቃ ያህል ሳይደርቅ ይቆይ። ከዚያ በጠንካራ ብሩሽ የእንጨቱን መስመር ተከትለሽ ፈትጊና በጓሮ ጎማ አለቅልቂው። ብዙ ሰው ፓወር ዋሸር፣ ውኃ በኃይል የሚረጨውን ማሽን፣ ይከራያል። ፓይን ለስላሳ እንጨት ነው። ግፊቱ ከበዛ ለስላሳውን ክር እየበጣ ያወጣና ወለሉ እንደ ብርድ ልብስ ጸጉራም ይሆናል። እንዲህ የሆኑ ዴኮች እንደገና ሳንደር ስገፋ ስንት ቅዳሜ አልፎብኛል።

አሁን ጠብቂ። አብዛኛው ሥራ የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው። ሰው ቅዳሜ ያጥብና እሑድ ይቀባል። ላዩ ደርቋል፣ ውስጡ ግን ውኃ ነው። በጥሩ ፀሐይ ሦስት ቀን ጠብቂ፣ ወበቅ ከሆነ ከዚያም በላይ። ሁለት መርፌ ያለው የእርጥበት መለኪያ ከገዛሽ 15 በመቶ ወይም ከዚያ በታች ሲያሳይሽ ቀቢ። መለኪያ ባይኖርሽ ጥቂት የውኃ ጠብታ ሳንቃው ላይ ጣይ። በአንድ ሁለት ደቂቃ ውስጥ ከጠጣው ዘይቱንም ይጠጣል። ጠብታው ድቡልቡል ብሎ ከተቀመጠ ወይ ገና አልደረቀም፣ ወይ ፖሊዩሪቴኑ ቀርቶበታል።

ምን ትግዢ? የዘይት መሠረት ያለው፣ ወደ እንጨቱ የሚሰርግ፣ ለውጭ ዴክ ተብሎ የተሠራ ውኃ ተከላካይ። ጣሳው ላይ ከጨረር መከላከያም ጋር የሚል ፈልጊ። ግን አንድ ሐቅ ልንገርሽ። ፍጹም ክሊር የሆነ ነገር ውኃውን ይመልሳል፣ ፀሐይን ግን ለብዙ ጊዜ አይመልስም። ፀሐይን በደንብ የሚያግደው ቀለም ነው። ስለዚህ ክሊር ብትቀቢ ዴኩ በዓመት ውስጥ ወደ ግራጫ መሄድ ይጀምራል፣ በየዓመቱም መድገም ይኖርብሻል። የእንጨቱን መልክ ነው የምወደው ካልሽ፣ የእኔ ምክር ጥቂት የማር ቀለም ጠብ ያለበትን ቶነር የሚሉትን መውሰድ ነው። የእንጨቱ መስመርና ዓይን ሁሉ ይታያል፣ መልኩም ይቆይልሻል። ግራጫው አይከፋኝም ካልሽ ክሊሩ ይበቃል። እኔ ራሴ ግራጫ የሆነ ጤነኛ ዴክ በጣም ነው የምወደው።

ለመቀባት ከ50 እስከ 90 ፋራናይት ያለበትን፣ ሁለት ቀን ዝናብ የማይጠበቅበትን ቀን ምረጪ። ለእናንተ ሴፕቴምበር ጥሩ ነው። ፀሐይ በቀጥታ የሚመታውን ወለል አትቀቢ፣ ዘይቱ ሳይሰርግ ላዩ ላይ ይደርቃል።

ከሳንቃዎቹ ጫፍ ጀምሪ። እንጨት ዛፍ ሳለ ውኃ ያሳለፈባቸው ቱቦዎች ክፍት ሆነው የሚቀሩት ተቆርጦ ጫፉ ላይ ነው። ስለዚህ ጫፉ ከላይኛው ገጽ ብዙ እጥፍ ይጠጣል። አንዴ ቀቢው፣ ሲመጠው እያየሽ ድገሚ፣ መጠጣት እስኪያቆም። ዴክ ላይ ስንጥቅ ብዙ ጊዜ ከጫፍ የሚነሳው ለዚህ ነው፤ ብዙ ቀቢዎች ደግሞ ጫፉን ዞር ብለው አያዩትም።

ከዚያ ሁለት ሁለት ሳንቃ እየያዝሽ ከዳር እስከ ዳር ሳታቋርጪ ቀቢ። መሀል ላይ ካቆምሽ የተነባበረበት ምልክት ሆኖ ይቀራል። በሮለር ብታፈሺም በብሩሽ ተከትለሽ አስርጊው። አንድ ጋሎን ከ150 እስከ 250 ስኩዌር ፊት ይሸፍናል። የእናንተ ዴክ 192 ነው። አንድ ጋሎን፣ ቢበዛ ትንሽ ጨመር። ባለፈው ሦስት ጋሎን መጨረሱን ሳነብ ነው ነገሩ የገባኝ። እዚህ ሥራ ላይ ብዙ መቀባት ብዙ መጠበቅ አይደለም። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ቆይተሽ ተመለሺ። የሚያብለጨልጭ ቦታ ካለ እንጨቱ ጠግቧል ማለት ነው፣ በጨርቅ ጥረጊው። ካልተጠረገ ተጣብቆ ይቀርና ጫማሽ ሥር ይለጠፋል።

ያ ዘይት የነካው ጨርቅ ግን ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ተጨማድዶ እንዳይጣል። ዘይቱ ሲደርቅ ሙቀት ያወጣል። የተከመረ ጨርቅ ሙቀቱን ያምቅና ማንም ክብሪት ሳይጭርበት ራሱ ይቀጣጠላል። በፌብሩዋሪ 1991 ፊላደልፊያ ውስጥ ባለ 38 ፎቅ ሕንፃ የተቃጠለው 22ኛ ፎቅ ላይ ከተተወ የተልባ ዘይት ጨርቅ በተነሳ እሳት ነው። ሦስት የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሞቱ። ስለዚህ ጨርቆቹን ከቤት ርቀሽ ውጭ አንድ በአንድ ዘርጊያቸው። ክርር ብለው ሲደርቁ ይጣላሉ።

ከዚያ በኋላ ያለው ጥበቃ ቀላል ነው። ጤና አዳምና በሶብላ የተከልሽባቸው ማስቀመጫዎች ሳንቃው ላይ ቁጢጥ አይበሉ። ከሥራቸው ሁለት እንጨት አድርጊና አየር ይለፍ። ለቡና የጎዘጎዝሽውን ቄጠማ እንግዳ እንደሄደ አንሺው፣ ሌሊቱን እርጥብ ሆኖ ካደረ ወለሉን ያጠቁራል። የፕላስቲክ ምንጣፉንም እንደዚያው። በሳንቃዎቹ መሀል የተቀረቀረውን ቅጠል በፎል አንዴ በቢላ ጀርባ አውጪው፣ ውኃው የሚወርደው በዚያ ነውና። በየሜይ የውኃ ጠብታውን ሙከራ ድገሚ። ከጠጣ አንድ ስስ እጅ ይበቃዋል። ያኔ ማጠብ እንጂ መፈቅፈቅ የለም።

አሁን ደግሞ ያልጠየቅሽኝ ነገር። አራተኛው ፎቶ ላይ ዴኩ ከቤቱ ግድግዳ ጋር የተያያዘበት ወፍራም ጣውላ ይታያል። ሌጀር ይሉታል። ከላዩ ውኃ የሚያንሸራትት ቆርቆሮ መኖር ነበረበት፣ እኔ አላየሁም። ምናልባት በሳንቃው ተሸፍኖ ይሆናል። ከሥር ገብተሽ በባትሪ እዪልኝ። ዴክ ሰው እንደያዘ ሲወድቅ ብዙ ጊዜ የሚለቀው እዚያ ጋ ነው። ወስፌውን እዚያም ሞክሪ። ከሰመጠ ሲለሩም ሳንደሩም ይቆይ፣ ማንም ዴኩ ላይ አይውጣ፣ መጀመሪያ ፈቃድ ያለው ባለሙያ ይምጣና ይየው። ካልሰመጠ ፎቶውን ላኪልኝና ቆርቆሮውን በምን እንደምትጨምሪው እነግርሻለሁ።