የቀበሌ ቤት፣ ኮንዶሚኒየምና ኪራይ፦ ለጎንደሮች ጥያቄ መልስ

ሰላም ጎንደሮች፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ስለ መንግሥት ቤት ጠይቁኝ ባልኩት መሠረት ከፒያሳ እስከ አዘዞ ብዙ ጥያቄ ደርሶኛል። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያለሁ።

ጥያቄ፦ የቀበሌ ቤት የሚባለው ከየት መጣ?

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ አዋጅ ቁጥር 47ን አወጣ። የከተማ መሬትና ትርፍ ቤት ተወረሰ። ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ ቀረለት። ከተወረሱት ውስጥ የወር ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበረው ለቀበሌ ተሰጠ። ከዚያ በላይ ያለው ወደ ኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሄደ። ደካማው ቤት አቅም ለሌለው አካል የደረሰው ያኔ ነው።

ጥያቄ፦ ጣራዬ ያፈሳል። ቀበሌ «በጀት የለም» ይለኛል። በራሴ ላድስ ስል ደግሞ ይከለክለኛል። ምን ይሻለኛል?

እማማ፣ ቤቱ የመንግሥት ስለሆነ ያለ ፈቃድ ክፍል መቀጠልም ማፍረስም አይቻልም። ጥያቄዎን በጽሑፍ ያስገቡ። «ደርሶናል» የሚል ማኅተም ያለበት ቅጂ በእጅዎ ይኑር። ፈቃድ ካገኙ የቆርቆሮውንም የአናጢውንም ደረሰኝ አይጣሉ።

ግን ችግሩ የእርስዎ ብቻ አይደለም። ከዱሮ ጀምሮ ጥቂት ብር የሚከፈልበት ቤት አለ። የዓመት ኪራዩ አንድ ቆርቆሮ እንኳ አይገዛም። በዚህ ገቢ ማን ያድሳል? የጭቃ ቤት ደግሞ ጊዜ አይሰጥም፤ ጣራው አንድ ክረምት ካፈሰሰ ግድግዳው ይከተላል። የእኔ አቋም ግልጽ ነው፦ መክፈል የሚችል ተከራይ ይጨምር፣ የማይችለው ባለበት ይቆይ። የተሰበሰበውም ብር ለዚያው ቤት እድሳት ብቻ ይዋል። አከራይ ነኝ የሚል መንግሥት የአከራይን ግዴታ ይወጣ።

ጥያቄ፦ የፌዴራል ቤቶች ኮርፖሬሽን ጎንደርን ይመለከታል?

ኮርፖሬሽኑ የፌዴራል መንግሥትን ቤቶች የሚያከራይ ድርጅት ነው፤ ቤቶቹ በአብዛኛው አዲስ አበባና ድሬዳዋ ናቸው። የእናንተ ጉዳይ የሚያልቀው ከተማ አስተዳደሩ ዘንድ ነው።

ጥያቄ፦ ኮንዶሚኒየም ለድሃ ነው አልተባለም ነበር?

ተብሎ ነበር። ፕሮግራሙ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ጎንደርን ጨምሮ ወደ ክልል ከተሞችም መጥቷል። አሠራሩ ግን ሽያጭ ነው፤ በዕጣ ይደርሳል፣ ቅድሚያ ይከፈላል፣ ቀሪው የባንክ ዕዳ ይሆናል። ዕጣ ወጥቶለት የወር ክፍያው የከበደው ሰው ቤቱን አከራይቶ ራሱ ርካሽ ሰፈር ይከራያል። ይህን እንደ ጥፋት አላይበትም፤ ሌላ መውጫ አልነበረውም። የጎደለው መንግሥት ሠርቶ የሚያከራየው፣ እየጠገነም የሚያቆየው ቤት ነው። የቀን ሠራተኛና ጉሊት ቸርቻሪ ቅድሚያ ክፍያ ከየት ያመጣሉ?

ጥያቄ፦ ሕገ መንግሥቱ ቤት የማግኘት መብት ይሰጣል?

አንቀጽ 90 ፖሊሲ ዜጎች ቤት እንዲያገኙ ያለመ ይሁን ይላል፤ ግን የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን ብሎ ነው። ስለዚህ ቤት አልተሰጠኝም ብሎ መክሰስ ይከብዳል። ፖሊሲውን ግን በዚህ አንቀጽ መሞገት ይቻላል።

ጥያቄ፦ ማራኪ ሰፈር ተከራይቼ ነው የምኖር። አከራዬ በየጥቂት ወሩ ይጨምርብኛል። ሕግ የለም እንዴ?

አለ ወንድሜ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ነው። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ ይመዘገባል፤ ከሁለት ዓመት ማነስ የለበትም። ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም። ጭማሪም በዓመት አንዴ፣ ተቆጣጣሪው የመንግሥት አካል በሚያወጣው ልክ ነው። ማስፈጸሙ የክልልና የከተማ ሥራ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ቤቶች ጽሕፈት ቤት ሄደህ ውል ይመዘገብ እንደሆነ ጠይቅ። ከአከራይህ ጋር ግን በጠብ አትጀምር። በዚያችው ኪራይ የሚኖሩ ጡረተኛ አከራዮችም አሉ። አዋጁን ይዘህ ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ፤ ከተስማማችሁም የቃል ስምምነት ላይ አትቁም፣ ጻፉት።