በፍራፍሬ የሚሠራ ቀለል ያለ የቁርስ ፓንኬክ፦ ጠይቁኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን የሙዝ ፓንኬክ ነገር ተነስቶ ጥያቄው ስለበዛ ዛሬ ቁጭ ብዬ የቻልኩትን ልመልስ ብያለሁ። 12 ዓመት የቁርስ ኩሽና ውስጥ ሠርቻለሁ፣ አሁን ደግሞ ለቤተሰቤ ነው የምሠራው። ከመጠየቃችሁ በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ፤ ፍራፍሬ ሊጥ ውስጥ ሲገባ የራሱን ውሃና የራሱን ስኳር ይዞ ነው የሚገባው። ስለዚህ ፈሳሹን ቀንሱ፣ ስኳሩን ተዉት፣ እሳቱን ዝቅ አድርጉ። መነሻዬ ይቺ ናት፦ 1 በደንብ የበሰለ ሙዝ፣ 2 እንቁላል፣ 6 የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ አጃ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ ቁንጥር ጨው። ወተት የለም፣ ስኳር የለም። ለ2 ሰው ቀለል ያለ ቁርስ ይሆናል።

ጀማሪዋ፦ እትዬ ሰላም ነሽ? እኔ ስሠራው አይሆንልኝም፣ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ምኑ ነው የማይሆንልሽ የኔ እህት? ይጣበቃል? ይሰበራል? ያርራል? ይሄን ሳትነግሪኝ ምን ብዬ ልመልስልሽ። ተመልሰሽ ጻፊልኝ።

ሙዝ ወዳድ፦ ሙዙ ምን ያህል መብሰል አለበት? ቤት ያለው ቢጫ ነው ግን ጠንከር ይላል።

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ። ልጣጩ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ እስኪያወጣ ጠብቅ፣ ጥቁርቁር ካለም ሽታው ካልተበላሸ ይሆናል። ምክንያቱም ጥሬ ሙዝ ውስጥ በብዛት ያለው ስታርች ነው፣ ሲበስል ነው ስታርቹ ወደ ስኳር የሚቀየረው፤ ስኳር አንጨምርም ስንል እኮ ጣፋጭነቱን ከሙዙ ነው የምናገኘው፣ ሙዙ ካልበሰለ ደረቅ ያለ፣ አፍ የሚይዝ ነገር ይሆንብህና መጨረሻ ላይ ማር ታፈስበታለህ፣ ያኔ ድካማችን ሁሉ ከንቱ ሆነ ማለት ነው። የምትቸኩል ከሆነ ሙዙን ከበሰለ ፖም ጋር ወረቀት ከረጢት ውስጥ አስገብተህ አፉን ዝጋው፣ ፖሙ የሚያወጣው ኤትሊን የሚባል ጋዝ ያፈጥነዋል። አንድ ሁለት ቀን ይበቃዋል። ስታደቀው በሹካ ይሁን፣ ትንሽ ትንሽ ጓል ቢቀርም አትጨነቅ፣ እንደውም እኔ ሆን ብዬ አስቀራለሁ፣ ሲበሉት ሙዝ ሙዝ ይላል።

ጀማሪዋ፦ እትዬ ይቅርታ፣ ውጪው ይጠቁራል ውስጡ ግን ሊጥ ነው። ስገለብጠውም ይበጣጠሳል።

መልስ፦ አሁን ተግባባን። እሳትሽ በዝቷል። የፍራፍሬ ስኳር ከተራው ስኳር ቀድሞ ነው የሚጠቁረው፣ የተለመደው የዱቄት ፓንኬክ በሚፈልገው እሳት የሙዙን ብትሠሪ ውጪው ያርርና ውስጡ ገና ይሆናል። መጥበሻውን መካከለኛ ላይ አሙቂው፣ ከዛ ሊጡን ከማፍሰስሽ በፊት ከመካከለኛም ዝቅ አድርጊው። ዘይቱን አታፍሺው፣ በወረቀት ነክረሽ ጥረጊው ብቻ። መበጣጠሱ ደግሞ ከትልቅነቱ ነው፤ አጃ እንደ ስንዴ ሊጥ የሚይዘው ግሉተን የሚባል ፕሮቲን የለውም፣ ሊጡን አያይዞ የሚያቆመው እንቁላሉ ነው፣ ስለዚህ ትልቅ ሳይሆን 8 ሳንቲሜትር ገደማ አድርገሽ ሥሪው። ሊጡንም 10 ደቂቃ አሳርፊው፣ አጃው ውሃውን ይጠጣና ወፈር ይላል። ዳር ዳሩ ወዙን አጥቶ ላዩ ላይ አረፋው ፈንድቶ ቀዳዳው ሳይደፈን ሲቀር ያኔ ገልብጪ፣ 3 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ከዛ በፊት አትነካኪው! ጠርዙን እያነሱ ማየት፣ በመገልበጫ መጫን፣ እነዚህን ተዪ፣ ስትጫኚው የያዘውን አየር ነው የምታስወጪው።

ብረት መጥበሻ፦ እኔ የምለው ግን ችግሩ መጥበሻው ነው። በደንብ የተሟሸ የብረት መጥበሻ ያለው ሰው ይሄ ሁሉ ጣጣ የለበትም።

የመንታ እናት፦ ወንድሜ ሁለት ልጅ እያለቀሰብኝ ብረት መጥበሻ ሳሟሽ ልዋል እንዴ? ኖንስቲክ፣ የማያጣብቀው መጥበሻ፣ ይበቃል።

ብረት መጥበሻ፦ ኖንስቲክ ጭረት ካወጣ በኋላ ምን እየበላሽ እንደሆነ ታውቂያለሽ?

የመንታ እናት፦ በእንጨት ማንኪያ ነው የምጠቀመው፣ አልተጫረም።

መልስ፦ እዚህ ጋ ልግባ። ለጀማሪ ኖንስቲክ ይቀላል። ባዶውን እሳት ላይ ጥዳችሁ አትርሱት፣ ሽፋኑ ከ260 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲሞቅ መበላሸት ይጀምራል፣ በምንሠራበት ዝቅተኛ እሳት ግን እዛ አይደርስም። ብረት ጥሩ ነው፣ እኔም አለኝ፣ ግን እሳቱን ስትቀንሱት ቶሎ አይበርድም፣ ጀማሪን የሚያሳርረው እሱ ነው። የመጥበሻ ክርክር እዚህ ይብቃ።

ጠዋት ሯጭ፦ ላዩ ላይ ማር ባደርግበት ችግር የለውም አይደል? ማር ከስኳር ይሻላል፣ ተፈጥሯዊ ነው።

መልስ፦ ይሄን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር። ማር ጣዕሙ ደስ ይላል፣ እኔም እወደዋለሁ፣ ግን ሰውነትህ ውስጥ ሲገባ ስኳር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ያወጣው መመሪያ ስለ ስኳር ሲናገር ምግብ ላይ የምንጨምረውን ብቻ ሳይሆን ማርን፣ ሽሮፕንና የፍራፍሬ ጭማቂን ጭምር አብሮ ነው የሚቆጥረው፤ ሙሉ ፍሬ ውስጥ ያለው ስኳር ግን እዚህ ውስጥ አይገባም። የሚመክረው በቀን ከምግብ ከምናገኘው ኃይል ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን ነው፣ ከ5 በመቶ በታች ቢወርድ ደግሞ ተጨማሪ ጥቅም አለው ይላል፣ እሱም በቀን 25 ግራም ገደማ ማለት ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር ብቻውን 17 ግራም ያህል ስኳር አለው። እና ሦስት ፓንኬክ ላይ አንድ ማንኪያ ማር ስታንጠባጥብ ጠዋት በ1 ሰዓት የቀኑን አብዛኛውን ጨረስከው። ለዛ ነው ፍራፍሬው በደንብ ይብሰል እያልኩ የምለፋው፣ ለዛ ነው! ላዩ ላይ የሆነ ነገር ካማረህ እንጆሪውን ቆራርጠህ መጥበሻ ላይ ያለ ምንም 3 ደቂቃ አሙቀው፣ የራሱን ወጥ ያወጣል፣ እሱን አፍስበት።

ማር ቆራጭ፦ እትዬ በአክብሮት ነው፣ ማርን ከነጭ ስኳር ጋር አንድ ማድረግ ግን አይከብድም? ስንት ጥቅም አለው።

ጠዋት ሯጭ፦ እኔም እሱን ልል ነበር።

መልስ፦ ጥቅም የለውም አላልኩም። ብዛቱን ነው የምለው። ደግሞ ይሄን ሁላችሁም ስሙኝ፦ 1 ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር አይሰጥም፣ ፓንኬክ ውስጥ ጋግራችሁም አይሰጥም። ቦቱሊዝም የሚባል ከባድ መመረዝ የሚያመጣ የባክቴሪያ ዘር ማር ውስጥ ሊኖር ይችላል፣ በቤት እሳት አይሞትም፣ የሕፃን አንጀት ደግሞ አይቋቋመውም።

የመንታ እናት፦ የኔዎቹ 9 ወራቸው ነው፣ የሙዙን ፓንኬክ መብላት ይችላሉ?

መልስ፦ ከዚህ በፊት እንቁላል ቀምሰው ከሆነና ከተስማማቸው ይችላሉ። ጨውን ተዪው፣ እንቁላሉ ሙሉ በሙሉ ይብሰል፣ ቀጠን አድርገሽ በጣት ልክ ቁረጪላቸው፣ ሲበሉ አጠገባቸው ሁኚ። ሙሉ ብሉቤሪ ወይም ወይን አታስገቢበት፣ ጉሮሮ ይዘጋል፣ ጨፍልቂው። ማር የለም።

ጡረተኛው፦ እኔ የስኳር ሕመምተኛ ነኝ፣ ይህን ብበላ ይስማማኛል ወይ?

መልስ፦ አባቴ፣ እሱን እኔ ልነግርዎት አልችልም፣ የሚከታተሉዎትን ሐኪም ይጠይቁ። ከኩሽናው በኩል ብቻ የምለው ሙዙን በግማሽ ቀንሰው እንቁላሉንና አጃውን ይዘው ቢሠሩት ስኳሩ ያንሳል።

ጂም ገቢ፦ ካሎሪው ስንት ነው? ክብደት ይቀንሳል?

መልስ፦ 100 ግራም ሙዝ 89 ካሎሪ፣ አንድ እንቁላል 70 ገደማ፣ አጃውን አንተ መዝነው። ፓንኬክ ክብደት አይቀንስም ወንድሜ።

ቢጫ ማንጎ፦ እኔ አናናስ ፈጭቼ ከእርጎ ጋር ሊጥ ውስጥ ጨምሬ ጠዋት ልጋግረው ብዬ ማታ ፍሪጅ አስገባሁት፣ ጠዋት ሲጋገር መራራ ሆነብኝ ሊጡም ቀጥኗል፣ እርጎው ተበላሽቶ ነው ወይስ አናናሱ?

መልስ፦ ሁለቱም አልተበላሹም፣ ያገናኘሻቸው አንቺ ነሽ። ጥሬ አናናስ ውስጥ ብሮሜሌን የሚባል ፕሮቲን የሚቆራርጥ ኢንዛይም አለ፤ ፓፓያ ውስጥ ፓፔይን፣ ኪዊ ውስጥ ደግሞ አክቲኒዲን አለ። እነዚህ የእርጎውንና የወተቱን ፕሮቲን ሲቆራርጡት ቁርጥራጩ ነው የሚመርረው፣ ሌሊቱን ሙሉ ጊዜ ሰጠሻቸው ማለት ነው። እኔም ኩሽና ስጀምር በኪዊ አንድ ትልቅ ጎድጓዳ ሙሉ ሊጥ ደፍቻለሁ፣ ምክንያቱን ሳላውቅ ስንት ቀን አዝኛለሁ። መፍትሔው ቀላል ነው፤ አናናሱን ቆራርጠሽ መጥበሻ ላይ እስኪፈላ 4 ደቂቃ ያህል አብስዪው፣ ሙቀት ኢንዛይሙን ያጠፋዋል፣ አቀዝቅዢና ጨምሪ። የቆርቆሮ አናናስ ድሮውኑ የበሰለ ስለሆነ ይሄ ችግር የለበትም፣ በሽሮፕ ሳይሆን በራሱ ጭማቂ የታሸገውን አንሺና አጥልዪው። ወይ ደግሞ ጥሬውን ከተጋገረ በኋላ ላዩ ላይ አድርጊው፣ ያኔ ምንም አይሆንም።

ጀማሪዋ፦ ወተቱ ስንት ኩባያ ነው ግን?

መልስ፦ ወተት የለም ብያለሁ እኮ። ውሃው ከሙዙ ነው።

ቅዳሜ ቁርስ፦ የኔ ብሉቤሪ ፓንኬክ አረንጓዴ ወጣ፣ ሻጋታ መስሎኝ ጣልኩት። ቤኪንግ ፓውደር ስላልነበረኝ ያንኑ ያህል ቤኪንግ ሶዳ ነበር ያደረኩት።

መልስ፦ ወይኔ፣ አንጀቴን በላኸኝ። ሻጋታ አልነበረም። ብሉቤሪን ሰማያዊ የሚያደርገው አንቶሲያኒን የሚባል ቀለም ነው፣ ኮምጣጣ ነገር ውስጥ ቀይ ይሆናል፣ ሶዳ ሲበዛበት ደግሞ ወደ አረንጓዴ ይሄዳል። ሶዳና ቤኪንግ ፓውደር አንድ አይደሉም፤ ሶዳው 3 እጥፍ ያህል ይበረታል፣ ለመሥራትም እንደ እርጎ ወይም ሎሚ ያለ ኮምጣጣ ይፈልጋል፣ ፓውደሩ ግን ኮምጣጣውን ራሱ ይዟል። ሶዳ ብቻ ካለህ የሻይ ማንኪያ ስምንተኛ አድርግና 1 የሻይ ማንኪያ ሎሚ ጨምር። የበረዶ ብሉቤሪ ከሆነ አታቅልጠው፣ ሊጥ ውስጥም አታማስለው፣ ሊጡን መጥበሻ ላይ ካፈሰስክ በኋላ ላዩ ላይ 5 ወይም 6 ፍሬ ጣል አድርግበት። እሳቱን ዝቅ!

ፖም ነጋ፦ ሙዝ አልወድም። በፖም ይሆናል?

መልስ፦ ይሆናል፣ ግን እንደ ሙዝ አያያይዝም። ፈቅፍቀህ በእጅህ ጨምቀው፣ ጭማቂውን ጠጣው፣ ቀረፋ ጨምርበትና አጃውን 2 ማንኪያ አብዛ። ቶሎ ሥራው፣ ይጠቁራል።

ስንዴ ብቻ፦ አጃ አጃ የሚሉት ነገር ሰልችቶኛል፣ በስንዴ ዱቄት የተሻለ ይነፋል።

ጂም ገቢ፦ ነጭ ዱቄት ፋይበሩ ትንሽ ነው እኮ፣ ጤናማ ነው የተባለው ለምን ይመስልሃል?

ስንዴ ብቻ፦ ከነገለባው የተፈጨ ስንዴስ? ማን ነጭ አለህ?

ጂም ገቢ፦ «ዱቄት» ነው ያልከው።

መልስ፦ ሁለታችሁም ትክክል ናችሁ፣ አትጣሉ። ከነገለባው የተፈጨ ስንዴ ጥሩ ነው። አጃን የምወደው ቤታ ግሉካን የሚባል ፋይበር ስላለው ነው፣ ከእሱ በቀን 3 ግራም ያህል መብላት ኮሌስትሮል ለመቀነስ ይረዳል፣ ከዛም በላይ ቀለል ያለ ቁርስ በልቶ እስከ ምሳ የሚቆይ ሰው የሚያቆየው እሱ ነው። በስንዴ የምትሠሩ ሊጡን ብዙ አትምቱት፣ ግሉተኑ ይነሳና ጎማ ይሆናል፣ ዱቄቱ ሲጠፋ አቁሙ። በአጃ ግን ብትመቱትም ግድ የለም።

እንቁላል የማይስማማት፦ ያለ እንቁላል እንዴት ነው?

መልስ፦ ለያንዳንዱ እንቁላል 1 የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ በ3 ማንኪያ ውሃ፣ 10 ደቂቃ ይቀመጥ፣ ይዝለገለጋል። ግን በአጃ ብቻ አትሥሪው፣ መሃሉ ሙጫ ይሆናል፣ ግማሹን የስንዴ ዱቄት አድርጊ። ከሌላው በላይ አነስ አድርጊው፣ ትንሽ ረዘም ላለ ጊዜም ይብሰል።

ቢጫ ማንጎ፦ ማንጎስ? ሀብሐብስ? ብርቱካንስ?

መልስ፦ ማንጎ በደንብ ከበሰለ እንደ ሙዝ ነው፣ ውሃው ስለሚበዛ አጃ ጨምሪ። ብርቱካን ልጣጩን ፈቅፍቀሽ ለሽታ። ሀብሐብ ሊጥ ውስጥ አይገባም፣ ውሃ ነው፣ አጠገቡ ቆርጠሽ ብዪው።

ሙዝ ወዳድ፦ ጭማቂ በወተት ፋንታ…

መልስ፦ ወተት የለም፣ ጭማቂም የለም። ስለ ጭማቂው የማሩን መልስ አንብብ።

ጠዋት ሯጭ፦ ሌሊት 11 ሰዓት ተኩል ነው የምነሳው፣ ሊጡን ማታ አዘጋጅቼ ባድር?

መልስ፦ ሊጡን አታሳድረው፣ ሙዙ ይጠቁራል፣ ቤኪንግ ፓውደሩም ጉልበቱን እያጣ ያድራል። ማታ ጋግረህ አሳድረው። ሽቦ ላይ በደንብ ይቀዝቅዝ፣ ሙቁን ከደራረብከው ላብ ያወጣና ይላቆጣል፣ ከዛ በየመሃሉ ወረቀት እያደረግክ ክዳን ባለው ዕቃ ፍሪጅ አስገባው፣ 2 ቀን ይቆያል። ፍሪዘር ከሆነ 1 ወር። ስትበላው ማይክሮዌቭ አትጠቀም፣ ይለሰልስብሃል፣ ደረቅ መጥበሻ ላይ ክዳን አድርገህ በሁለቱም በኩል አንድ አንድ ደቂቃ፣ እሳቱን ዝቅ አድርገህ።

ጀማሪዋ፦ እትዬ እሳቱን ቀንሼ ሠራሁት፣ አልጠቆረም፣ ግን አንዱ ተጣበቀ።

መልስ፦ የመጀመሪያው ነው? የመጀመሪያው ብዙ ጊዜ ይጣበቃል፣ መጥበሻው ሙቀቱን ገና እያስተካከለ ነው። ሁለተኛውን ከማፍሰስሽ በፊት በዘይቱ ወረቀት እንደገና ጥረጊው።